የተፋቀው አሞሌና ባለቤት የሌለው ገመድ

አንድ ንጉሥ በአሞሌ ጨው የሚገበያይ አገር ይገዛ ነበር። በአሞሌ እህል ይሸመታል፣ በአሞሌ በሬ ይገዛል። ድርቅ በመታ ዓመት ንጉሡ አዘነና «በግዛቴ ጦሙን የሚያድር አይኑር» ብሎ ለየድኻው ቤት በየወሩ ሁለት ሁለት አሞሌ እንዲሰጥ አዘዘ። ሕዝቡ መረቀው። ምርቃት ይጣፍጣል፤ አንዴ የቀመሰው ንጉሥ መተው አይችልም።

ግምጃ ቤቱ ሲሳሳ ሹሙ በጅሮንዱ መላ አመጣ። በየገበያው በር ፋቂ ይቁም፤ የሚገባው ሰው ሁሉ ከአሞሌው ጣት ያህል ይፋቅበት፤ ፍቅፋቂው ተጠፍጥፎ ለድኻ ይታደል። «ማን ያያል?» አለ። ሁሉም አየ። ድኻው እንደ ወትሮው ሁለት አሞሌ ይቀበላል፤ ሁለቱ ግን የዱሮውን የአንዱን ያህል እንኳ አይገዙለትም።

ደብሪቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ለሰው ቤት ውሃ ትቀዳለች። ምኞቷ አንድ ነው፦ በሬ ገዝታ፣ ከጎረቤቷ ከአያ ወንድይፍራው በሬ ጋር አቀናጅታ፣ የባሏን መሬት አሳርሳ ከምጽዋት ሰልፍ መውጣት። አሞሌዋን እርጥበት እንዳያሟሟው ከምድጃው በላይ ሰቅላ አጠራቀመች። በሬ በአሥራ ሁለት አሞሌ ይሸጥ ነበር። አሥራ ሁለት ስትሞላ ዋጋው ሃያ ሆነ፤ ሃያ ስትሞላ ሠላሳ።

አያ ወንድይፍራው «ምን ይደረግ፣ የሚፋቀው ላንቺው ሲባል ነው» ይላታል። አትስቅም።

በዚህ መካከል አንድ ነጋዴ መጣ። ገንዘቡ አይጨበጥም፣ አይፋቅም። በአርባ መንደር አርባ ሰዎች አርባ ገመድ ይዘዋል። አንዱ ለሌላው ሲከፍል አርባዎቹም በየገመዳቸው ይቋጥራሉ፤ አንዱ ቢያታልል ሠላሳ ዘጠኙ ያጋልጡታል። ንጉሥ የለው፣ በጅሮንድ የለው። ለመክፈል ቋጠሮውን የሚፈቱት ባለቤቱ ብቻ የሚያውቃቸው አሥራ ሁለት ቃላት ናቸው።

«ቃሉ ቢጠፋኝስ?» አለች ደብሪቱ።

«እንዳይጠፋሽ ነዋ፣ እናቴ። ለነፍስ አባትሽም እንዳትነግሪ።»

ነጋዴው አልዋሸም። ይህን ልብ በሉ።

ደብሪቱ ያላትን አሞሌ ሁሉ በቋጠሮ ለወጠች። መንደሩ «ደብሪቱ በገመድ ልታርስ ነው» እያለ ሲስቅባት ከረመ። ንጉሡ በፋቀ ቁጥር ግን ሰው ወደ ገመዱ ስለሮጠ ቋጠሮዋ ተወደደ፤ በግንቦት ሁለት በሬ የሚገዛ ሆነ። ሳቁ ቆመ። ሰኔ ሲገባ በሬውን ልትገዛ ስትዘጋጅ ንዳድ ጣላት። ሲለቃት አሥራ አንዱን ቃል አስታወሰች። አሥራ ሁለተኛው የለም።

አርባውን መንደር በእግሯ ዞረች። አርባዎቹም ገመዱን እያሳዩ ቋጠሮው የእሷ መሆኑን መሰከሩላት፤ አንዳንዶቹ አብረዋት አለቀሱ። ሊፈታላት የሚችል ግን አንድም አልነበረም።

በመጨረሻ ከንጉሡ ደጅ ቆማ አቤት አለች። ንጉሡ አስገብቶ ሰማት። «እኔ ያላሰርሁትን እንዴት እፈታለሁ?» አላት። «ለምን ከእኔ ሸሸሽ?»

«ጃንሆይ፣ አሞሌዬ ሲፋቅ አቤት ብል ዘበኞችዎ ከበር መልሰውኛል። ዛሬ የሚሰማኝ አገኘሁ፤ የሚፈታልኝ ግን የለም።»

ንጉሡም ሁለት አሞሌ ይሰጣት አለ። ክረምቱ ገብቶ ነበር። አሞሌዎቹ ከመፋቃቸው የተነሣ እንደ ቅጠል ሳስተው ነበርና ቤቷ ሳትደርስ ዝናቡ በመዳፏ ላይ አሟሟቸው። አያ ወንድይፍራው የዘር ጊዜ እንዳያልፈው በሬውን ከሌላ ሰው ጋር አቀናጀ። የደብሪቱ መሬት በዚያ ዓመት ጦሙን አደረ።

ለድኻ የሚሰጠውን ከድኻው ከራሱ የሚፍቅ መንግሥት፣ ከጨው በፊት የሚያልቅበት እምነት ነው። እምነቱ ያለቀበት ሰው መሸሸጊያ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ዛሬ በስልክ ውስጥ ወዳለው፣ መንግሥትም ባንክም ወደማያዝበት ዲጂታል ገንዘብ ከሚሮጠው ሕዝብ መካከል ስንት ደብሪቱ አለች። ማንም የማይፍቀው ገንዘብ ግን ስንወድቅ አቤት የምንልበት ደጅም የለውም።

እርስዎ ቢሆኑ አሞሌዎን የት ያኖሩታል? ከሚፍቀው ንጉሥ ዘንድ ወይስ ከማይሰማው ገመድ? መልስ ከመስጠትዎ በፊት አንድ ነገር ያስቡ፤ ደብሪቱ ከሁለቱ ሌላ የምትሄድበት ያጣችው በማን ጥፋት ነው?