አፉን ያላስገዛው ባለ መጋዝ

አንድ ግንድ ሰንጣቂ ነበር፤ ስሙ ቢምረው ይባላል። ከጎህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ በአፉ አይዞርም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የሚበላውም ከመሬት የበቀለውን ብቻ ነው፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሽምብራ። ሥጋና ወተት፣ ቅቤና እንቁላል በደጁ አያልፉም። በዐቢይ ጾም ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ዓመቱን ሙሉ ነው።

ያዘዘውም ሰው የለም። በጎረምሳነቱ ሆዳም ነበር፤ ሆዳም ሲባል እንዲያው ለስሙ አይደለም። አንድ ቀን ለጓደኞቹ ልታይ ብሎ የአባቱን የእርሻ በሬ አርዶ አበላቸው። ጥሩ በሉ፣ ጥሩ ዘፈኑ። ክረምት ሲገባ ግን ጎረቤት ሁሉ ሲያርስ የአባቱ ማሳ ጦሙን አደረ። ሽማግሌው አባቱ ቀንበሩን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ቢምረው ያን ዕለት “ከእንግዲህ ሆዴ አያዘኝም” ብሎ ለራሱ ማለ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ ሆዱን ሲያዘው ኖረ።

የዚያ አገር ንጉሥ አዲስ አዳራሽ ማሠራት ጀመረ። ባለ መጋዞች ሁሉ ተጠሩ። ሥራው የሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ከግንዱ ላይ ቆሞ፣ ሌላው ከሥር ሆኖ ሰጋቱራ እየጠጣ አንድ ረጅም መጋዝ ይሳሳባሉ። የቢምረው ጓደኛ ሞላልኝ የሚባል ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር። ንጉሡም ለእያንዳንዳቸው ማደሪያ መሬት ሰጣቸው፤ የቢምረው ሚስትና ልጆች የሚኖሩት ከዚያች መሬት በሚገኘው ነው።

ንጉሡ በየቀኑ በስድስት ሰዓት በሬ እያሳረደ ለሠራተኞቹ ቁርጥ ያድል ነበር። ወጉ ደግሞ ጥብቅ ነው፤ ሁሉም ድርሻውን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ሥራውን በሚቆጣጠረው አዛዥ ፊት እዚያው መጉረስ አለበት። ቢምረው ይቀበላል፣ እጅ ይነሳል፣ ከዚያ ለሞላልኝ ያቀብለዋል።

አዛዡ አንድ ቀን አየውና፣ “አንተ! የንጉሥ ሥጋ ይሸትሃል?” አለው።

“ኧረ አይሸትም ጌታዬ። ለሞላልኝማ በጣም ተስማምቶታል።”

“ባዶ ጆንያ አይቆምም! ሳትበላ መጋዙን ማን ሊስብልህ ነው?”

“ጆንያ እጅ የለውም ጌታዬ፤ እኔ አለኝ።”

ይህ ነገር ከንጉሡ ጆሮ ደረሰ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ በሚባልበት አገር ማዕዱን መግፋት ቀልድ አይደለም። ንጉሡ አስጠራውና፣ “ሥጋዬን ንቀሃል አሉ” አለው።

“አልናቅሁም ጃንሆይ። ጉልበቴን ከጠዋት እስከ ማታ ይዘዙት። የምጎርሰውን ግን የማዘው እኔ ነኝ።”

“እንግዲያው ስማ። ሠላሳ ቀን እሰጥሃለሁ። ከሌሎቹ በአንድ ግንድ እንኳ ወደ ኋላ ብትቀር ከማደሪያህ እነቅልሃለሁ።”

ቢምረው ወደ መጋዙ ተመለሰ። አዛዡ በየጊዜው መሰናክል ያበጅለት ነበር። አንድ ቀን ለወጥ ቤቷ ሹክ ብሎ ሽሮው ውስጥ ቅቤ አስጨመረበት። ቢምረው ክዳኑን ከፈት ሲያደርግ የቅቤው ኮረሪማ ሸተተው። ሳህኑን መልሶ ገፋና፣ “እናቴ፣ ቅቤ የምትሰጪኝ ከሆነ አናቴ ላይ ቀቢልኝ፤ ፀሐዩ በርትቷል” አላት። ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እሱ ያን ቀን ሽምብራ ቆሎ ቆርጥሞ ዋለ።

ሠላሳው ቀን አልቆ ግንዱ ሲቆጠር የቢምረውና የሞላልኝ በአራት በልጦ ተገኘ። ተአምር አልነበረም። ሌላው ሥጋውን በልቶ፣ ጠጁን ጠጥቶ ጥላ ሥር ሲያንኮራፋ፣ ሞላልኝ ለጓደኛው ሲል ቶሎ ጎርሶ ይመለስ ነበር። ነገሩ ይኸው ነው።

ንጉሥ ግን የነገር መካከለኛው አይታየውም። ትናንት “ብላ” ብሎ ያስጨነቀው ሰው ዛሬ ተነሥቶ ነጋሪት አስመታ፤ “የሰማህ ላልሰማህ አሰማ! ከነገ ጀምሮ በአገሬ ማንም ሰው ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል እንዳይቀምስ! ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም የከብት ነገር እንዳይበላ! የበላም ያበላም አርባ ጅራፍ ይገረፋል!” ቢምረውን ደግሞ የጾም ሹም አድርጌሃለሁ፣ ሌላ መሬትም ጨምሬልሃለሁ አለው። ቢምረው መሬቱንም ሹመቱንም አልቀበልም ብሎ ሄደ።

አዋጁ ሃያ ቀን ቆየ። መኳንንቱ ምንም አልጎደለባቸውም፤ በዘጠኝ ሰዓት አሥራ ሁለት ዓይነት የጾም ወጥ እያስደረደሩ ሆዳቸው እስኪነፋ ይበላሉ። የድሃ ቤት ግን ወጧ አንድ ናት። የምታጠባ እናት ጡቷ ደረቀ። ከወባ ገና ያገገመው ሞላልኝ ከሰጋቱራው ላይ ድፍት አለ፤ ሰዓቱ ገና አራት ነበር።

ቢምረው ከግንዱ ወርዶ አቀፈው። ከጉያው ቆሎ አውጥቶ፣ አዛዡ ዓይኑን አፍጥጦ እያየው፣ በጓደኛው አፍ ውስጥ ጨመረ።

ሞላልኝ “ተው ወንድሜ፣ ያስገርፉሃል” አለው በደከመ ድምፅ።

“አንተ ዝም ብለህ አኝክ።”

የአዛዡ ሰዎች ይዘው ንጉሡ ፊት አቆሙት።

“አንተ ሃያ ዓመት የቻልከውን ሕዝቤ ሃያ ቀን አቃተው?” አለ ንጉሡ።

“እኔ ጾምሁ ጃንሆይ፤ እነሱ ተራቡ።”

“ልዩነቱ ምንድን ነው? የሁላችሁም ሆድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ነው።”

“የእኔን በር ከውስጥ የዘጋሁት እኔው ነኝ፤ የፈለግሁ ቀን እከፍተዋለሁ። የእነሱን ግን እርስዎ ከውጭ ቀረቀሩባቸው። ለመሆኑ ጃንሆይ ከአዋጁ ወዲህ ስንት ቀን ጾሙ?”

ንጉሡ አንድም ቀን አልጾመም ነበር፤ ይህንንም ከወጥ ቤት እስከ በረኛ የማያውቅ አልነበረም።

ቢምረው ቀጠለ። “ነገ የሞላልኝን ቦታ ይያዙና አብረን እንሳብ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከቆሙ ከማደሪያዬ ይንቀሉኝ፤ አዋጅዎንም በየገበያው እየዞርሁ እኔው እለፍፋለሁ። ካልቆሙ አዋጁ ይሻር።”

ንጉሡ በጉልበቱ የሚመካ ሰው ስለነበር እንቢ ለማለት አፈረ። በማግስቱ ካባውን ጥሎ ከግንዱ ሥር ገባ። መጀመሪያ እልልታው ደመቀ። በአምስት ሰዓት እልልታው ጠፋ። በስድስት ሰዓት መዳፉ ውሃ ቋጠረ፤ ጢሙ በሰጋቱራ ነጣ። በሰባት ሰዓት መጋዙን ለቆ ሰጋቱራው ላይ ተቀመጠ፤ ከንፈሩ ደርቆ ዓይኑ ቦዘዘ።

አዛዡ ወተት በዋንጫ ይዞ ሮጠ፤ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቀጥ ብሎ ቆመ። ያበላም አርባ ጅራፍ ነው። ጅራፉ እዚያው ዛፍ ላይ ተንጠልጥሏል። መኳንንቱ እርስ በርስ ተያዩ፤ ጌታቸው እንዲያ ሆኖ ሳለ አንድም እግሩን ያነሣ አልተገኘም።

ቢምረው ከግንዱ ወረደ። ዋንጫውን ከአዛዡ እጅ ተቀብሎ ወደ ንጉሡ አፍ አስጠጋና፣ “ይጠጡ ጃንሆይ። ሲደክም መብላት ነውር አይደለም። እኔም አልስቅብዎትም” አለው።

ንጉሡ እስከ ጭላጩ ጠጣ። ጢሙን ጠረገና፣ “አዋጁን ሻሩት” አለ። ከዚያም ቀና ብሎ፣ “አንተስ አትጠጣም?” ሲል ጠየቀው።

“ለእኔ ገና ሁለት ሰዓት ይቀረኛል” አለ ቢምረው፤ ተመልሶም ግንዱ ላይ ወጣ።

ወዳጆቼ፣ ዛሬም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፉን የሚዘጋ፣ ሥጋና ቅቤን የተወ ሰው ብዙ ነው። አንዱ ለነፍሱ ብሎ ነው፣ አንዱ ለጤናው፣ አንዱም ቀበቶው አልዘጋ ብሎት። ሁሉም መልካም ነው፤ ራሱ ከመረጠው። “ካልበላህ ትሞታለህ” እያለ የሚያስፈራራችሁን አትስሙት። “እንደ እኔ ካልጾምህ ሰው አይደለህም” እያለ በሌላው ሳህን ላይ የሚሾመውንም አትስሙት፤ ሁለቱም ያው አንድ ንጉሥ ናቸው። ራስን መግዛት ትልቅ ነገር ነው፤ ሌላውን በረሃብ መግዛት ግን ግፍ ነው። የታመመ ይብላ፣ የምታጠባ ትብላ፣ የቻለ ይጹም።

እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ዛሬ የጎረሳችሁትን፣ ወይም ሳትጎርሱ የተዋችሁትን፣ ያዘዛችሁ ማን ነው?