ስንሻው ለእንጉዳይ የወጣው አቀበት

ባለጸጋ ሰው ሞልቶ የተረፈውን ነገር አጥቶ ሲለምን ከታየ፣ በእኛ አገር አንድ የሚተረትበት ነገር አለ። ብዙ ሰው ተረቱ የዓባይን ወንዝ ለመውቀስ የተባለ ይመስለዋል። ወንዙ ምን በደለ? የቆላ ሰዎች ሲያወሩ እንደሰማሁት ከሆነ ጥፋቱ ስንሻው የሚባል የአንድ ጎበዝ ነው።

ስንሻው ተወልዶ ያደገው ዓባይ ዳር ነው። ከብቶቹን ከበረት አውጥቶ አጠጥቶ እስኪመልስ ምሳው አይቀዘቅዝም ነበር። አባቱ ስለሞቱ የሚመክሩት አጎቱ አቶ ደምለው ናቸው። ይህ ጎበዝ ታዲያ እንጉዳይ የምትባል የደጋ ልጅ ገበያ ላይ አይቶ ልቡ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲያ እርሻውም እንቅልፉም እንደ ድሮው አልሆነለትም። የአጎቱን ጉልበት ስሞ "ይጠይቁልኝ" አለ።

አጎትየው ነገሩን በዝግታ ሊያስኬዱት አስበው ነበር። ግን ሌላ ባለሀብት እንጉዳይን ለወንድ ልጁ ለመጠየቅ ሽማግሌ ሊልክ ቀን መቁረጡ ተሰማ፤ ቀኑም ደርሷል። ቀድሞ ያልደረሰ አለቀለት። አብረዋቸው ሊሄዱ የነበሩትን ሽማግሌ ደግሞ ወባ ጣላቸው። ለጋብቻ የሄደ ሰው ብቻውን ሰው ደጅ አይቆምምና፣ ስንሻው ሙሽራነቱን ደብቆ "ጓደኛ" ሆኖ እንዲሄድ ተስማሙ።

ደንቡን አጎቱ ደጋግመው ነግረውታል። ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሰው "ተቀመጥ" ቢባል አይቀመጥም፣ ቢሰጡት አይቀምስም። ቆሞ ጉዳዩን ይናገራል፤ መልስ ካገኘ በኋላ ነው አረፍ የሚለው። ሳይናገር የቤቱን እህል ውኃ የቀመሰ እንግዳ ነው፣ እንግዳ ደግሞ በዚያን ዕለት ልጅ አይጠይቅም።

"ይህ ምኑ ይከብዳል?" አለ ስንሻው።

ጎሕ ሲቀድ ሊነሱ ሲሉ አቶ ደምለው፣ "ቅልህን ሞልተህ ያዝ" አሉት።

ስንሻው ፈገግ አለ። "አጎቴ፣ ይህ ወንዝ በምን የሚሞላ ይመስልዎታል? ከዚያ ከላይ በሚወርድ ውኃ አይደለም? ወደ ውኃው አገር እየወጣን ውኃ ብንሸከም ሰው አይስቅብንም?"

"ግንቦት ነው፣ ልጄ።"

"ግንቦትስ ቢሆን? ዓባይ ደርቆ ያውቃል?"

ለሙግት ጊዜ አልነበራቸውም። አቶ ደምለው የራሳቸውን ትንሽ ቅል አንግተው ፊት ፊት ወጡ።

የመጀመሪያው አቀበት ግራርና የጋለ ድንጋይ ነው። ስንሻው እየዘለለ ይወጣል፣ ቆም ብሎ አጎቱን ይጠብቃል፣ ከቋጥኝ ላይ የሚያዩትን ጦጣዎች ይሳደባል። ፀሐይ ከፍ ስትል ወደ ወይናደጋው ደረሱ። ማሳው ሁሉ ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል፤ በሄዱ ቁጥር አቧራው ይነሣል። እዚያ ልጅ ያዘለች አንዲት መንገደኛ ሴት ተቀምጣ አገኙ። ውኃ እንዳላቸው ጠየቀቻቸው። አቶ ደምለው ቅሉን አውርደው መጀመሪያ ወደ ስንሻው ዘረጉት።

"አንተ ቅመስና የተረፈውን እንስጣት።"

"ለሷ ይስጧት። እኔ የውኃ ነገር አያሳስበኝም።"

ሴትየዋ ጠጣች፣ ልጇንም አጠጣች፣ መረቀቻቸው። ቅሉ ባዶ ሆነ። በሰው ቅል ቸር መሆን ደግሞ ደስ ይላል፤ ስንሻውም ደስ ብሎት እያፏጨ መንገዱን ቀጠለ።

ፉጨቱ ግን ብዙ አልሄደም። የተማመኑበት የሾላው ሥር ምንጭ የከብት ኮቴ ያተመበት ደረቅ ጭቃ ሆኖ ጠበቃቸው። ከዚያ በላይ ያለው ጅረትም ጠጠሩን አስጥቶ ተኝቷል። ገደሉን በቀጭኑ መንገድ ዞረው ደጋው ላይ ሲወጡ ጅብራና የአስታ ቁጥቋጦ ብቻ ነው፤ ነፋሱ ከንፈር ይሰነጥቃል። ዘወር ባሉ ቁጥር ዓባይ ከታች እንደ ተዘረጋ መቀነት ይታያል። ስንሻው ዘወር ማለቱን ተወ። ምላሱ ከትናጋው ተጣብቋል፣ ቁጭትም ይዞታል።

"ምነው ዝም አልክ?" አሉ አጎቱ። የእሳቸውም ጉሮሮ ደርቆ ድምፃቸው ሻክሯል።

"እያሰብኩ ነው።"

"ቸር ያሳስብህ። አሁን ደረስን፣ ቻል።"

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የእንጉዳይ አባት አቶ ይመኑ ቤት ደረሱ። አቶ ይመኑ ከጎረቤታቸው ከአባ ውቤ ጋር ደጅ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ብድግ ብለው፣ "ደህና መጣችሁ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ" አሉ።

አቶ ደምለው በትራቸውን ተደግፈው እንደቆሙ እጅ ነሡ። "አንቀመጥም። ቆመን የምንናገረው ጉዳይ አለን።"

አቶ ይመኑ ገባቸው። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ፊታቸውም ፈካ። ነገሩ የሰመረ መሰለ። በዚህ መካከል እንጉዳይ እንስራ አዝላ ከጓሮ ብቅ አለች። በሩ አጠገብ ስታወርደው ውኃው ከአፉ ላይ ጠብ ጠብ አለ።

ስንሻው ልጅቷን አላያትም። ከዓመት በላይ ሲያልማት የኖረ ሰው፣ ያየው እንስራውን ብቻ ነው።

"እባክሽ፣ እኅቴ፣ ከሱ አንድ ጊዜ አጎንጪኝ" አለ።

በዋንጫ ቀድታ ሰጠችው። ሳይተነፍስ ጨለጠው። ደገመችለት፣ ያንንም ጨለጠው። ሦስተኛውን ሲቀበል አጎቱ የጀመሩትን ንግግር አቁመው እንደሚያዩት አስተዋለ። ያን ጊዜ ያደረገው ነገር ገባው፤ አፈረ፣ ዋንጫውም ሳይጠጣው እጁ ላይ ቀረ።

አቶ ደምለው በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ መደቡ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"መሽቶብን ነው" አሉ፤ "ለዛሬ ብታሳድሩን ብለን ነው የመጣን።"

"ቤት የእግዜር ነው" አሉ አቶ ይመኑ፤ ድምፃቸው ግን ቀዝቅዟል። እንጉዳይም ዋንጫውን ከስንሻው እጅ ተቀብላ ወደ ውስጥ ገባች። የባለሀብቱን ሽማግሌዎች ነገ የሚቀበል ቤት ብዙ ሥራ አለበት።

አቶ ይመኑ ለወጉ ያህል፣ "ጎበዙ አገሩ የት ነው?" ብለው ጠየቁ።

ስንሻው አንገቱን ደፍቶ በአገጩ ወደ ታች፣ ገደሉ ሥር ወደሚያብለጨልጨው ወንዝ አመለከተ።

አባ ውቤ ወንዙን አዩ፣ ጎበዙን አዩ፣ ጎድሎ የቀረውንም እንስራ አዩና ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ "የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው" አሉ።