የግራዝማች መኪና እና ቁልቁለቱ

ግራዝማች ወንድይፍራው ደሴ ውስጥ ብዙ ሱቆች የሚያከራዩ ሰው ነበሩ። ለዓመታት የነዷትን ጥቁር የቤት አውቶሞቢል ሊሸጡ ሲያስቡ ዓይናቸውን የጣሉት ከተከራዮቻቸው አንዱ በሆነ ልብስ ሰፊ ላይ ነው። ሰውዬው ለሠርግ የሚያከራያት መኪና እንደሚፈልግ ሰምተዋል።

መኪናዋ ወንበሯ ቆዳ፣ መስኮቷ ባለ መጋረጃ ነው። ግራዝማች ሁልጊዜ የሚያቆሟት ግን ዳገቱ አናት ላይ፣ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙረው ነበር። ጠዋት ፍሬኑን ሲለቁት ትንሽ ተንደርድራ ትነሳለች። በቁልፍ ብቻ ስትነሳ ያየ ጎረቤት የለም።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱ ሽማግሌዎችን ሰብስበው ልብስ ሰፊውን አስጠሩት።

«እንከን የላትም ብዬሃለሁ» አሉት። «እንግዲህ ወይ ግዛ፣ ወይ በእነዚህ ሰዎች ፊት ግራዝማች ዋሽተዋል በልና ሱቄን ልቀቅ።»

ልብስ ሰፊው መኪናዋን ዞራት። በሯን ከፍቶ ቆዳውን ዳሰሰ፤ ቀጥሎ ቁልቁለቱን እስከ ታች ድረስ በዓይኑ ሸኘው።

«ወዴት ታያለህ? መኪናዋ እዚህ ናት» አሉ ግራዝማች።

«ኧረ ጌታዬ፣ እርስዎ አይዋሹም» አለ ልብስ ሰፊው እጅ ነስቶ። «መኪናዋም እንከን የላትም። እንከኑ ያለው እኔ ቤት ነው፤ ሜዳ ላይ ነው የተሠራው። ቁልቁለቱን ምራቂ አድርገው ከጨመሩልኝ ግን አሁኑኑ እፈርማለሁ።»