ጫማውን ቀስ ብሎ የሚፈልገው እንግዳ

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የእጅ ጽሑፌ ስለማያምር፣ ፊደልም ስለምሳሳት አውፍ በሉኝ፤ ትምህርቴ ብዙ አልገፋም።

በድሮ ዘመን በአንዲት የንግድ ከተማ ሼህ ኑርዬ የሚባሉ ጨው ነጋዴ ነበሩ። ሚስታቸው ወደ አኼራ ከሄዱ ወዲህ የሚኖሩት ብቻቸውን ነበር።

በአንድ ረመዳን ጃዕፈር የሚባል ሸማኔ ከሩቅ አገር መጣ። በየማታው በመስጊዱ ደጅ በቴምርና በውሃ ያፈጥራል። መግሪብ ተሰግዶ ሰው "ና እኛ ቤት" ሲለው፣ "ቤት ይጠብቁኛል" ይላል። ግን ከሁሉ በኋላ የሚወጣው እሱ ነው።

"ሚስትህ ታጋሽ ናት" አለው አንድ ማታ ሥጋ ሻጩ ሙሄ። "የኔዋ ብትሆን እስካሁን በሩን ቀርቅራብኝ ነበር።"

ጃዕፈር አብሮት ሳቀ። ከዚያ እፊቱ ያለውን ጫማ እንዳላየ ሆኖ ዓይኑን ወዲያ ወዲህ ያንከራትት ጀመር።

ሼህ ኑርዬ በሩ ላይ ሆነው አዩት። ሳያስቡት አንድ ነገር አወቁ፤ ይህን ሰው የሚጠብቀው የለም። ማስረጃ ቢፈልጉ አጡ። "ዋሽተሃል" ቢሉት ያዋርዱታል። ሶደቃ ቢሰጡት አፍሮ ከመስጊዱም ይቀራል። ዝም ቢሉት ርቦት ያድራል።

"ልጄ" አሉት፣ "የሚጠብቁህ ጥቂት ይታገሱህ። እኔን የሚጠብቀኝ የለም። ብቻዬን ስሆን እህል አልወርድ ይለኛል። ኸይር ሥራልኝ፣ አብረኸኝ ብላ።"

ጃዕፈር ጫማውን አጥልቆ ወደ ቤታቸው ተከተላቸው።

ሼሁ እንግዳቸው እስኪጠግብ እጃቸውን ከገበታው አላነሱም፤ ትንሽ ትንሽ እየቆረሱ ቆዩለት። እጅ ሲታጠቡ ጃዕፈር አንገቱን ደፋ።

"አባባ፣ የሚጠብቀኝ የለም።"

"አውቄአለሁ።"

"ማን ነገረዎት?"

ሼሁ የእጅ ፎጣውን አቀበሉት። "ማንም። አሁን ስትጠይቀኝ ነው ትዝ ያለኝ። ሚስቴን የቀበርኩ ሰሞን እኔም ጫማዬ ይጠፋብኝ ነበር። ልብ የተማረውን አይረሳም ልጄ፤ የሚረሳው የተማረበትን ቀን ነው።"

በመድረሳ የሚያስተምሩን ዑስታዝ ይህን ፊራሳ ይሉታል፤ አላህ በሙእሚን፣ በአማኝ ሰው ልብ የሚያኖረው ብርሃን ነው ይላሉ። እኔ ሳስበው ብርሃኑ ቶሎ የሚበራው ብቸኝነትን በቀመሰ ልብ ላይ ይመስለኛል። አላህ ያውቃል።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ። የምኖረው አክስቴ ዘንድ ነው፤ እሷ ከሱቅ የምትመለሰው አምሽታ ነው። ከመድረሳ ስንወጣ ልጆቹ "እኛ ጋ አፍጥሪ" ሲሉኝ፣ "አክስቴ ትጠብቀኛለች" እላቸዋለሁ። ጫማዬን ግን ቶሎ አላገኘውም።