ቁርጥ እናትሽን

አንዲት ሴት ነበረች፣ ምእመናን። ተራራ ሥር ባለች ከተማ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ስሟ እታፈራሁ ነው። ጠዋት ባጃጅ ከደጇ ያነሳታል፣ ሱቋ በር ላይ ያወርዳታል። ማታም እንዲሁ። ቀኑን ሙሉ ቁጭ! ደልደል ያለች ናትና ገበያተኛው ገና ሲያያት «እታፈራሁ፣ ተመችቶሻል! ቁርጥ እናትሽን!» ይላታል።

ተመችቶሻል! እናንተስ አትሉም? ትሉ የለ! ሰው ወፍሮ ትንፋሽ ሲያጥረው እኛ ተመቸው እንላለን።

እናቷ ወይዘሮ አስካለ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በጣም ወፍራም ነበሩ። ተራራው አናት ላይ የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አለች። በመጨረሻ ዘመናቸው ለንግሥ እስከ ተራራው ግርጌ ይመጣሉ፤ ከዚያ በላይ ጉልበታቸው እሺ አይላቸውም። ስለዚህ ጧፋቸውን ለሚወጣ ሰው ይሰጣሉ። «ጧፌን አድርሱልኝ፣ ልጆቼ» ይላሉ። ከዚያ ዋርካው ሥር ተቀምጠው ወደ ላይ ያያሉ። ነፋሱ የከበሮውን ድምፅ ሲያመጣላቸው እንባቸው ዱብ ዱብ ይላል። «ምነው ደጇን ረግጬ በሞትኩ!»

ሳይረግጡ ሞቱ። ለዚያ ዓመት ንግሥ የገዟት ጧፍ ትራሳቸው ሥር ተገኘች።

እታፈራሁ ጧፏን ደረቷ ላይ ይዛ አለቀሰች። «ይህችን ማንም አያደርስልኝም። በገዛ እግሬ ነው የማደርሳት» አለች።

ታናሽ እህቷ ብርቄ ሳቀች። ብርቄ የአባቷን አጥንት የወሰደች ናት፤ ስትበላ ብትውል ስትበላ ብታድር ጠብ የማይልባት መቃ። «አንቺ? እኔ ላድርስልሽ ባይሆን። የእማዬ ደም ነው እኮ ያለብሽ፣ ምን ታደርጊዋለሽ?»

እውነትም በንግሡ ቀን ጥቂት እንደወጣች ልቧ ደረቷን ሊሰብረው ደረሰ። ተመለሰች። ዋርካው ሥር፣ እናቷ ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀምጣ ወደ ላይ አየች። ከበሮው ይሰማል። ሰዎች «አምጪው፣ እናድርስልሽ» አሏት። ጧፏን ግን ለማንም አልሰጠችም።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄደች። «ሲስተር፣ ይሄ ነገር በዘራችን ነው፤ እህቴ እንዳሻት በልታ አትወፍርም፣ እኔ ግን እናቴን ነኝ። በቃ ተፈርዶብኛል ማለት ነው?»

ነርሷ ምን አለቻት? «አልዋሽሽም፣ በዘር ይመጣል። እህትሽን ምንም የማያደርጋት ምግብ አንቺን ሊያወፍርሽ ይችላል። ግን ዘር ብቻውን አይፈርድም። እንዳንቺ ያለው ሰው ነው መቀመጥ የሚብስበት፤ መንቀሳቀስም ይበልጥ የሚያግዘው። በእግርሽ ሂጂ። ደምሽን አይለውጠውም፣ ጉልበቱን ግን ይቀንስልሻል።»

እታፈራሁ ባጃጁን ተወችው። ባለ ባጃጁ ተቀየማት፤ «ምን አስቀየምኩሽ?» አላት። ዝናብም ሆነ ፀሐይ በእግሯ። ማታ ሱቋን ዘግታ ዳገቱን ትጀምረዋለች፤ ሲደክማት ትመለሳለች፤ ነገ ትንሽ ከፍ ትላለች። ያ ተመችቶሻል ሲል የነበረ ገበያተኛ አሁን ምን አለ? «ምነው ከሳሽ? አመመሽ እንዴ?» ሳቁ፣ ምእመናን፣ ሳቁ! እኛው ነን እኮ!

እንደ ብርቄ ቀጠነች ወይ? የለም። ጥቂት ቀለል አለች እንጂ ዛሬም ደልዳላ ናት። የእናቷ ልጅ ናት፤ ያ አልተለወጠም።

ግን ንግሡ ዞሮ ሲመጣ ወጣች! ዋርካውን አለፈች። እያረፈች፣ ላቧን እየጠረገች፣ ጧፏን ነጠላዋ ውስጥ ይዛ ደጀ ሰላሙ ጋ ደረሰች። እዚያ ዓይናቸው የደከመ አንዲት መነኩሲት ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩአትና «አስካለ?» አሉ።

«አስካለ እናቴ ናት፣ እማሆይ።»

«እኔን! አካሄድሽን ሳየው እሷ የመጣች መስሎኝ። በወጣትነታችን ለዚህች ቤተ ክርስቲያን እንስራ አዝላ ውኃ የምታወጣው እኮ እሷ ነበረች። ያኔም እንዳንቺው ደልዳላ ነበረች፣ ግን ዳገቱን ማንም አይቀድማትም። ቁርጥ እናትሽን!» አሉ። ከዚያ «ምን አግኝቷት ነው የቀረችብን?» ብለው ጠየቁ።

ይሄኔ ትዝ አላት። እናቷ ውኃ ልትቀዳ ስትነሳ «ኧረ ቁጭ በይ እማዬ! እኛ እያለንልሽ?» ትላት ነበር። ገበያ ልትወጣ ስትል «ቁጭ በይ፣ ሰው ምን ይለናል?» ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ስትል «ባጃጅ ልጥራልሽ፣ ቁጭ በይ።» ሁሉም በፍቅር ነበር።

«እኛ ነን ያስቀመጥናት፣ እማሆይ» አለችና መሬት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እማሆይ ራሳቸው አነሷት፤ ጧፏንም አብረው አበሩ።

ምእመናን፣ ውፍረት ኃጢአት ነው አላልኩም። እንዲህ ብሎ ሰው የሚያሸማቅቅ ከእኔ አልሰማም! እኔ የምለው ሌላ ነው። ከእናት ከአባታችሁ የወረሳችሁት አለ፤ በሥጋም በጠባይም። አንዱ «ስኳር በዘራችን ነው» ይላል፣ ሌላው «ቁጣ በዘራችን ነው» ይላል፤ ብሎም ይቀመጣል። አዎ፣ ወርሳችኋል። ግን ያው ደም እኮ ነው አስካለን ተራራ ያወጣት! ደሙ አልተለወጠም፣ መንገዱ ነው የቀረው። የእናታችሁን ድካም ብቻ ነው የወረሳችሁት ያላችሁ ማነው? ጉልበቷንስ ማን ወረሰው?

እናንተ ደግሞ እናታችሁ በሕይወት ያለችላችሁ፣ አድምጡኝ። ዛሬ ቤት ስትገቡ አንድ ነገር ልታመጣ ብድግ ትል ይሆናል። «ቁጭ በይ» ልትሉ አፋችሁን ትከፍታላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። አትበሏት። ነጠላዋን አቀብሏት፣ እጇን ያዙ፣ አብራችሁ ውጡ። እታፈራሁ እኮ የእናቷ እጅ በእጇ ቢሆንላት ተራራውን ሁሉ በደስታ ትወጣው ነበር።