ዓይነ አፋሯ መምህርት በሆስፒታል

«አንዲት ሴት ነበረች» አሉ አዛውንቷ የቀዶ ጥገና ሐኪም። ወጣቷ ተለማማጅ ሐኪም «አንጀቱ የተዘጋ ሰው ሲመጣ፣ ራሱ ይከፈታል ብለን እስከ መቼ እንጠብቃለን? መቼስ ነው ለቀዶ ጥገና የምንወስደው?» ብላ ጠይቃቸው ነበር።

ይህች ሴት መምህርት ነበረች፤ የተማረች፣ ግን ዓይነ አፋር። ስለ ሰው አካል ስታስተምር እንኳ አንዳንዱን ገጽ «ይህን ቤታችሁ አንብቡት» ብላ ታልፈው ነበር።

ባሏ ከሞተ ወዲህ በብሽሽቷ ላይ እብጠት ወጣባት። ስትቆም ይወጣል፤ ጋደም ብላ በእጇ ገፋ ስታደርገው ይመለሳል። ለእናቷም ለጓደኛዋም ሳትናገር፣ ሰፋ ያለ ቀሚስ እየለበሰች ዓመታት ኖረች።

አንድ ቀን እብጠቱ አልመለስ አለ። ሆዷን ይቆርጣት፣ የቀመሰችውን ሁሉ ያስመልሳት ጀመር። ሆዷ ተነፋ። ዘመዶቿ አፋፍሰው ሆስፒታል አስገቧት።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። በሆዷ ላይ የድሮ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ጠባሳ አየና «የዱሮው ቁስል አንጀቱን አጣብቆት ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና ይከፈታል» አለ። ይህን ማለቱ ስህተት አልነበረም። ከዚያ ወረድ ብሎ ሊያይ ብርድ ልብሱን ሲይዝ ግን መምህርቷ ጨምድዳ ያዘችበት። እሱም አፈረና እጁን መለሰ። በአፍንጫዋ ቱቦ አስገባላት፣ ግሉኮስ ሰቀለላት፣ ይጠብቅ ጀመር።

በማግስቱ ሊጠይቋት የመጡት ሰዎች አልጋውን ከበውት ነበር፤ አክስቷ፣ የትምህርት ቤቱ ባልደረቦች፣ የሰፈሩ ቄስ ሳይቀሩ።

«እንዴት አደሩ መምህርት?» አለ ሐኪሙ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

«አየር ወጥቶልዎታል?»

«ኧረ ዶክተር!» አለች አክስቷ። «በቄስ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል?»

«ምነው፣ ቄስ አንጀት የለውም?» አሉ ቄሱ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

መምህርቷ ቶሎ እንዲያልፍላት ብላ አዎ በሚል ራሷን ነቀነቀች። ሐኪሙ «እንግዲያው መከፈት ጀምሯል» ብሎ ደስ እያለው ወጣ።

ሰዎቹ ሲያወሩ እሷ ሆዷን ታዳምጥ ነበር። ትናንት ሕመሙ መጥቶ ይሄድ ነበር፤ በመሃል ትንፋሽ ትሰበስብ ነበር። አሁን መጥቶ እዚያው ቀርቷል። እብጠቱ ጠጥሯል፤ ጣቷን አስጠግታ መንካት እንኳ አልቻለችም። ተገልጦ ከመታየት መሞት የሚቀል መሰላት። ይህን ማሰቧ ራሱ አስደነገጣት፤ ገና ያላደገች ልጅ ነበረቻት።

ሐኪሙን አስጠራች። «ሰዎቹን ያስወጡልኝ» አለችው። ሰዎቹ ወጡ። «እርስዎም ፊትዎን ወደ ግድግዳው ያዙሩልኝ።»

ሐኪሙ ምንም ሳይጠይቅ ዞሮ ቆመ። እሷም ለጀርባው ነገረችው፤ እብጠቱን፣ የደበቀችበትን ዘመን፣ የዛሬ ጠዋቱንም ውሸት። ተናግራ ስትጨርስ ብርድ ልብሱን በገዛ እጇ ገለጠችና «አሁን ይዙሩ» አለችው።

ዞሮ አየ። ቆዳው ቀልቷል፤ እብጠቱ እንደ ድንጋይ ደርቋል። «ከእንግዲህ የምንጠብቀው ነገር የለም» ብሎ ወዲያው ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አስወሰዳት። አንጀቷ እብጠቱ ውስጥ ታንቆ፣ ከፊሉ ጠቁሮ ተገኘ። የጠቆረውን ቆርጠው የቀረውን ቀጠሉት። ተረፈች። የመጀመሪያው ዕለት ቢታይ ኖሮ ግን ሳይቆረጥ ሊመለስ ይችል ነበር።

«እንግዲህ ልጄ» አሉ አዛውንቷ፣ ወደ ወጣቷ ዞረው፤ «የቀን ቁጥር እንድነግርሽ ፈልገሽ ይሆናል። ያ ሐኪም ያጠፋው መጠበቁ ላይ አይደለም፤ ሳያይ መጠበቁ ላይ ነው። አንቺም ጠብቂ፤ ግን እየተመላለስሽ ሆዱን ዳብሺ፣ ብሽሽቱን ገልጠሽ እዪ። ይመላለስ የነበረው ሕመም አልለቅ ካለ፣ የልብ ምቱ ከፈጠነ፣ ካተኮሰው፣ ሆዱን ሲነኩት ከጮኸ፣ ወይም እብጠቱ ጠጥሮ አልመለስ ካለ፣ አንጀቱ ታንቋል ብለሽ ተነሺ፤ እስኪነጋ እንኳ አትበይ። ማጉረምረሙን ትቶ ዝም ያለ ሆድ ሁሉ የተሻለው አይምሰልሽ። በሽተኛው ‹እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ› ሲልሽም ሊጠይቀው ለመጣ ሰው የሚሰጠውን መልስ ነው የሰጠሽ። አንቺ ልትጠይቂው አልመጣሽም፤ ልታክሚው ነው። ሰዉን አስወጪ፣ በሩን ዝጊ፣ የሚያፍርም ከሆነ ፊትሽን አዙረሽ ስሚው። ከዚያ ግን ዞረሽ እዪ።»