ጥላ የማይፈራው ዓሣ

በአንድ ወቅት፣ ኩሬ በምታህል ሐይቅ ዳር፣ ጋሽ ደምለው የሚባሉ የአስጋሪዎች ዳኛ ነበሩ። ሐይቋ ለማስገር ተዘግታ ስትከፈት የመጀመሪያውን ዓሣ ለባለውለታዋ የሚሸልሙት እሳቸው ናቸው። ሽልማቱ ዓሣው ብቻ አይደለም፤ ያኔ የምትሠራው አዲስ ታንኳ በተሸላሚው ስም ትጠራለች። ስም ደግሞ እንደ ሙዳ ሥጋ አይከፋፈልም።

በዚያ አገር መድኃኒት አይረገጥም። እንደ ጸበል ይከበራል፤ የተረፈው መሬት ሳይነካ ለወንዝ ይሰጣል። ወንዙ ወደ ሐይቋ ይገባል። ይህን ያዙልኝ።

ጋሽ ደምለው ሦስት የእህት ልጆች ነበሯቸው።

ታላቁ ታረቀኝ አስጋሪ ነው። አንድ በጋ ዓሣው ያለወትሮው በረከተለትና ደስ ብሎት ሸጠ፣ ጠግቦ በላ። ኋላ ግን ልብ አለ፤ የአሞራ ጥላ ሲያርፍባቸው ዓሦቹ አይሸሹም።

«ፍርሃት ጠፍቶባቸዋል፤ አሞራ ይጨርሳቸዋል!» ብሎ ጮኸ።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ተወን!» ብለው ሌሎቹ አስጋሪዎች ሳቁበት። እሱ ግን መረቡን ጠቅልሎ ሰቀለ። ይህን ያዩት ጋሽ ደምለው ሐይቋን ዘጉ።

መካከለኛዋ ብዙነሽ መድኃኒት ቤት አላት። ውሃውን ከተማ ወስዳ ብታስመረምር የድብርት መድኃኒት ተገኘበት። የሰውን ጭንቀት የሚያቀልለው ኪኒን የዓሣውን ፍርሃት ወስዶበት ኖሯል።

«የሸጥኩላቸው እኔ፣ የተረፈው የት እንደሚጣል ያልነገርኳቸውም እኔ» ብላ አዘነች። ወደ ከተማ ተልኮ በአግባቡ እንዲቃጠል የተረፈውን ኪኒን የምትሰበስብበት ሣጥን በሯ ላይ አቆመች። ሣጥኑ ግን ባዶውን ከረመ። ያንን ኪኒን ይዞ መታየት «አእምሮው ተነካ» ያሰኛላ!

ታናሿ እናኑ ከወለደች ወዲህ ሐዘን አልጋ ላይ ጥሏት፣ በዚያው ኪኒን የዳነች ናት። እድርተኛው በተሰበሰበበት ብድግ አለች።

«‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም› ትሉ የለ? መድኃኒቱን የደበቀስ? እኔ ወስጄው ድኛለሁ። ሐኪሜ በቃሽ ሲለኝ ከተረፈው ብዙውን በክብር ወንዝ የጨመርኩትም እኔ ነኝ። የቀረኝ ይኸው!» ብላ በሁሉም ፊት ሣጥኑ ውስጥ ከተተችው።

ቀጥሎ የእድሩ ሊቀመንበር ከካፖርታቸው ኪስ የዚያኑ ኪኒን ብልቃጥ አወጡ። ከዚያማ ሣጥኑ ሞላ።

ክረምቱ አልፎ ውሃው ታደሰ። ትንንሾቹ ዓሦች የአሞራ ጥላ ሲያዩ ብን ብለው ጠፉ። አስጋሪ ዓሣ ሸሸኝ ብሎ የጨፈረው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐይቋ ተከፈተች። ጋሽ ደምለው የመጀመሪያውን ዓሣ ይዘው ቆሙ።

«እኔ ባላይ ማን ይጠይቅ ነበር?» አለ ታረቀኝ።

«ባላስመረምርስ ምኑን ታውቁት ነበር?» አለች ብዙነሽ።

«ባልናገርስ ሣጥኑን ማን ይሞላው ነበር?» አለች እናኑ።

ጋሽ ደምለው ሦስቱንም ይወዳሉ፤ ጨነቃቸው። ታንኳ ሠሪው ቀለሙን በጥብጦ ስም ይጠብቃል። እናንተ ፍረዱላቸው፤ ግን ቶሎ በሉ፣ ዓሣው እንደ ድሮው ፈሪ ሆኗልና ከእጃቸው ሊያመልጥ ነው። ታንኳይቱ በማን ስም ትጠራ?